ገበሬው በእርግጥ ቁጭ ብሎ ይውላል?

የደጀኑ፦ ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ አንድ ሰው «ገበሬያችንን ያደኸየው የበዓል ብዛት ነው፤ የወሩን እኩሌታ ቁጭ ብሎ ይውላል» ብሎ ጻፈ። አላስቻለኝም። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ አይታረስም፤ እውነት ነው። ግን ቁጭ ብሎ የሚውለው ማን ነው? ሽምግልናው፣ የልጅ ማጨቱ፣ የማኅበሩ ጉዳይ የሚያልቀው በዚያ ቀን ነው። በሬውም የሚያርፈው ያኔ ነው።

ቆጣሪው፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቃሌን አላጥፍም። ለምን ሦስቱን ብቻ ጠራህ? 5 አቦ፣ 7 ሥላሴ፣ 19 ገብርኤል፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም የት ሄዱ? ቅዳሜና እሑድ ሲጨመርበት ስንት ቀን ቀረ? ነሐሴ ላይ ጤፉ በአረም ተውጦ እያየ እጁን አጣጥፎ የሚውል ሰው አውቃለሁ።

የደጀኑ፦ ሁሉም ቀን በሁሉም አገር እኩል አይከበርም፤ እንደ ደብሩ ታቦት ነው። ድህነቱንም በበዓል አታሳብ። ባለ አንድ በሬው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ተቀናጅቶ፣ ተራ ጠብቆ ነው የሚያርሰው። ተራው ካልደረሰ በዓል ኖረ አልኖረ በምን ይረስ?

ባለ ጀበናዋ፦ ሁለታችሁም የምታወሩት ስለ ወንድ ነው። እናቴ በማርያም ቀን እንዝርት አትነካም፣ ወፍጮ አትሄድም። ውሃ ግን ትቀዳለች። እንጀራ ትጋግራለች። ለማኅበርተኛው ጠላ ታቀርባለች፣ ቡናውን እስከ በረካ ታፈላለች። ከሌላው ቀን የባሰ የምትደክመው በበዓል ነው።

ቆጣሪው፦ እህቴ፣ እሱ ሌላ ርዕስ ነው።

ባለ ጀበናዋ፦ ሌላ አይደለም! የወንዱ ዕረፍት በማን ጉልበት እንደቆመ ነው የምነግርህ። ከተማም ያው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሥራ ሰዓትን በሳምንት 48 አድርጎ ገድቧል። በሕዝብ በዓል ለሠራ ሰው ሁለት እጥፍ ክፈል ይላል። የቤት ሠራተኛ ግን አዋጁ ውስጥ የለችም። ለፋሲካ ዶሮ ስትገነጥል ያደረችበትን ሰዓት ማን ቆጠረላት?

የሰፈር እናት፦ እኔ እንደ ልጄ ነው የማያት። ሁላችንንም በአንድ አትፈርጂን።

ባለ ጀበናዋ፦ እማማ፣ እርስዎን አላልኩም። ግን ልጅዎ በበዓል ጓደኞቿ ጋ ትሄዳለች። እሷስ የት ትሄዳለች?

የሰፈር እናት፦ ከበዓሉ ማግስት አገሯ እልካታለሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?

ባለ ሱቁ፦ በዓሉ ይቀነስ የምትሉ፣ የበግ ነጋዴውን ጠይቁት። እኔም ከወር እስከ ወር የማላየውን ገንዘብ የማየው በዋዜማ ነው።

ቆጣሪው፦ የአረሙን ነገር ማንም አልመለሰልኝም።

የደጀኑ፦ አረም በወንፈል ይወጣል። ወንፈሉ መቼ ማን ማሳ ላይ እንደሚውል የሚቆረጠውም በበዓል፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ነው። ምናልባት ያ የምታውቀው ሰው ወንፈል የሚመልስበት ጉልበት አጥቶ ይሆናል። ጠይቀኸዋል?

ቆጣሪው፦ ምን ያስጠይቃል? ጎልማሳ ነው፣ ጉልበት ሞልቶታል። በማግስቱም ሌላ በዓል ነበር።