ስላይዱ የሚላወስ ማካሮቭ፦ ይጠገን ወይስ ይተው?

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)
ፈቃድ የወጣለት አንድ ማካሮቭ ሽጉጥ አለኝ። ባዶውን ይዤ ስነቀንቀው ስላይዱ፣ ማለትም ሲቀባበል ወደ ኋላ የሚሳበው የላይኛው ብረት፣ ከታችኛው አካል ጋር እየተጋጨ ይንቋቋል፤ በሁለት ጣት ይዤ ግራና ቀኝ ስገፋውም ለዓይን በሚታይ መጠን ይላወሳል። አንድ ብረት ሠሪ ስላይዱ የሚሄድበትን ሐዲድ በመዶሻ ቀጥቅጦ እንደሚያጠብልኝ ነግሮኛል። ልስጠው ወይስ ልተወው?

መልስ (ከደብረ ብርሃን)
ወንድሜ፣ ለብረት ሠሪው እንዳይሰጡት። ማካሮቭ ለሠራዊት የተሠራ ሽጉጥ እንደመሆኑ አቧራና ጥላሸት ገብቶም እንዲሠራ ሆን ተብሎ ክፍተት ተትቶለታል፤ ስለዚህ መንቋቋቱ ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም። በመዶሻ የተቀጠቀጠ ሐዲድ አንድ ቦታ ላይ ይጠብና ሌላ ቦታ ላይ እንደላላ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ስላይዱ መንገድ ላይ ሲይዝ ጥፋቱን መመለስ አይቻልም።
ከመመርመርዎ በፊት ካርታውን፣ ማለትም ጥይት የሚሞላበትን መያዣ፣ ያውጡ፤ ከዚያ ስላይዱን ስበው የጥይት ማረፊያውን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ፤ ጥይቱንም ወደ ሌላ ክፍል ይውሰዱት። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ፤ ካርታው ሳይወጣ ስላይዱን የሳበ ሰው ሌላ ጥይት ራሱ አጉርሷል።

መልስ (ከመሐል ሜዳ)
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ሆኖም ልቅነቱ የትኛው ጫፍ ላይ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። በማካሮቭ አፈሙዙ፣ ማለትም ጥይቱ የሚያልፍበት ቱቦ፣ ከታችኛው አካል ጋር በፒን የታሰረ ስለሆነ አይንቀሳቀስም፤ ማነጣጠሪያዎቹ ግን ሁለቱም ያሉት ስላይዱ ላይ ነው። ስላይዱ ከኋላ በሐዲዱ፣ ከፊት ደግሞ አፈሙዙ በሚያልፍበት ቀዳዳ ይደገፋል። ስለዚህ ከተኩስ በኋላ ስላይዱ በየጊዜው የተለያየ ቦታ ላይ የሚያርፍ ከሆነ፣ ያነጣጠሩበትና ጥይቱ የሚሄድበት አቅጣጫ ይለያያሉ።
ቶካሬቭ በሚባለው ሌላ የሩሲያ ሽጉጥ ነገሩ ሌላ ነው። አፈሙዙ ስላይዱ ውስጥ ተቆልፎ አብሮት ጥቂት ወደ ኋላ ይሄድና ዝቅ ብሎ ይላቀቃል፤ በዚያ ሽጉጥ ከሐዲዱ ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው አፈሙዙ ከስላይዱ ጋር ያለው ቁልፍ ነው። ስላይዱ ተዘግቶ ሳለ፣ ቀለህ (የተተኮሰ ጥይት ባዶ ቀፎ) በሚወጣበት መስኮት በኩል የአፈሙዙን የኋላ ጫፍ በአውራ ጣት ወደ ታች ይጫኑት፤ በግልጽ ከሰመጠ ባለሙያ ይየው።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። ባዶነቱን አረጋግጬ ስሞክረው የኋላው ጫፍ ይላወሳል፤ የፊቱ ግን እምብዛም አይነቃነቅም። ሐዲዱ አንዳንድ ቦታ ላይ ቀለሙ ለቆ ያብረቀርቃል።

መልስ (ከመሐል ሜዳ)
ማብረቅረቁ የመፋተግ ምልክት ብቻ ስለሆነ አያሳስብም። ጥፍርዎን በሐዲዱ ጠርዝ ላይ ሲያሳልፉ የሚይዝ ሹል ወይም የተቆለመመ ብረት ካገኙ፣ ወይም ቀለህ መውጫው ማዕዘን ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካዩ ግን አንድም ጥይት አይተኩሱበት።

መልስ (ከሸዋ ሮቢት)
ሁላችሁም ስላይዱን ወደ ፊት የሚመልሰውን ሞላ ረሳችሁት። የደከመ ሞላ ስላይዱ በኃይል ወደ ኋላ ሄዶ አካሉን እንዲመታ ያደርጋል፤ ልቅነቱም እየባሰ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ባዶውን ሽጉጥ አፉን ወደ ላይ አድርገው ስላይዱን ጥቂት ይሳቡና በቀስታ ይልቀቁት፤ ራሱ እስከ መጨረሻው ካልተዘጋ ሞላው ደክሟል ወይም ሐዲዱ ቆሽሿል። በእኛ ቆላ ዘይት የበዛበት ሐዲድ አቧራ ሰብስቦ እንደ ሞረድ ይበላል፤ ስለዚህ ስስ አድርገው ቀብተው በጨርቅ ይጥረጉት።
አንድ ፍተሻ ልጨምር። አሁንም ባዶ መሆኑን አረጋግጠው ቃታውን ስበው እንደያዙ ስላይዱን ወደ ኋላ ስበው ይልቀቁት፤ የሽጉጡ መዶሻ፣ ማለትም ከኋላው ያለው መቺ ብረት፣ እንደተወጠረ መቆየት አለበት። አብሮ ከወደቀ ጉዳዩ ከልቅነት አልፏል።

መልስ (ከደብረ ብርሃን)
ሞላ መቀየር ቢያስፈልግም ሥራው ፈቃድ ላለው ጠጋኝ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ መጠገን እንደ መያዙ ሁሉ ፈቃድ ይጠይቃል። ሽጉጡን ይዘው ሲሄዱ የፈቃድ ወረቀቱን አይርሱ፤ ጠጋኙም የተነቀለውን አሮጌ ሞላ ከአዲሱ ጎን አድርጎ ርዝመቱን እንዲያሳይዎት ይጠይቁት።