በዊልቸር የሚሄዱ እንግዶች ሊመጡልኝ ነው፤ ፔንሲዮኔን በትንሽ ገንዘብ እንዴት ላዘጋጅ?

ባለ ፔንሲዮኗ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ አነስ ያለች ፔንሲዮን አለችኝ። ሰሞኑን ከአዲስ አበባ አንድ ቡድን አልጋ ሊይዝ ደወለ። አስተባባሪዋ ዋጋ ከመጠየቋ በፊት «የመታጠቢያ ቤቱ በር ስንት ሴንቲ ነው?» አለችኝ። ከእንግዶቹ ሁለቱ በዊልቸር ነው የሚሄዱት፣ የአንደኛው በባትሪ የሚሠራ ነው። ማየት የተሳናቸው አንድ መምህር አሉ። መስማት የተሳናት አንዲት ልጅም አለች። አንኮበርን አይተው መመለስ ነው ሐሳባቸው።

እንዲመጡልኝ በጣም እፈልጋለሁ። ግን መጥተው ደጅ ላይ እንዲጉላሉ አልፈልግም። ምድር ላይ ሦስት ክፍል አለኝ፣ መግቢያው ላይ ግን ሁለት ደረጃ አለ። ሊፍት ምናምን የለም፣ አቅሜም አይፈቅድም። ራምፑ (ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት) እንዴት ይሠራ? መታጠቢያ ቤቱንስ ምን ላድርገው? ስልክ ላይ የሚጫን የሚረዳ ነገር አለ ይባላል፣ በአማርኛ ይሠራል ወይ? እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ፣ ሦስት ሳምንት ነው ያለኝ።

በዊልቸር ተጓዥ (ሸዋ ሮቢት)

እህቴ፣ መጀመሪያ ሜትር ያዢና ዞረሽ ለኪ። እኔ አልጋ ልይዝ ስደውል የሚያናድደኝ «አይገባም» የሚለው መልስ አይደለም፤ «ችግር የለም፣ ይገባል» ተብዬ ደርሼ በሩ ላይ መቅረቴ ነው። ስለዚህ የውጭውን በር፣ የክፍሉን በር፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር፣ የአልጋውን ከፍታ ለኪና ሜትሩን እንደዘረጋሽ ፎቶ አንስተሽ ለአስተባባሪዋ በቴሌግራም ላኪላት። በሩን ስትለኪ ከፍተሽ፣ ሰው የሚያልፍበትን ክፍተት ብቻ ነው። በእጅ የሚገፋው ዊልቸር አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ይሰፋል። እጃችን ደግሞ ጎማው ላይ ነው፣ ክፍተቱ 80 ካልሆነ ጣታችን ይላጣል።

አልጋው ከዊልቸሩ መቀመጫ ጋር እኩል ቢሆን ጥሩ ነው፣ ከ45 እስከ 50 ሴንቲ። በጣም ከፍ ካለ ሰው ሳይሸከመን አንወጣም። በአንደኛው ጎን ቦታ ልቀቂ። ምንጣፉን አንሺው። ዊልቸሩ የሚዞርበት አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ባዶ ወለል ያስፈልጋል። ኮመዲኖና ትርፍ ወንበር ካወጣሽ ብዙ ክፍል ይበቃል።

የብረታ ብረትና የግንባታ ባለሙያ (ደብረ ብርሃን)

ስለ ራምፑ እኔ ልንገርሽ። ሒሳቡ 1 ለ 12 ነው፤ ለ1 ሴንቲ ከፍታ 12 ሴንቲ ርዝመት ማለት ነው። ደረጃሽ ከመሬት 30 ሴንቲ ከፍ ካለ ራምፑ 3 ሜትር ከ60 ይረዝማል። ብዙ ሰው ቦታ ለመቆጠብ ብሎ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ያቆመዋል። ያ ራምፕ አይባልም፤ በዚያ ላይ ዊልቸር ወደ ኋላ ይገለበጣል። ስፋቱን አንድ ሜትር አድርጊው፣ በሁለቱም ጎን ጎማ እንዳያመልጥ ከፍ ያለ ጠርዝ ይኑረው፣ በሩ ፊት ደግሞ ሰውየው ቆሞ በሩን የሚከፍትበት ደልዳላ ቦታ ተይለት። ግቢሽ ጠባብ ከሆነ መሀል ላይ ማረፊያ ሠርተሽ ማጠፍ ይቻላል።

በላሜራ ላሠራ ካልሽ ይቻላል፣ ግን በኛ አገር ብርድ አልመክርሽም። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ ሲያርፍበት ብረቱ ያንሸራትታል። በሲሚንቶ አሠሪውና ሳይደርቅ በመጥረጊያ ይቦረሽ፣ ሸካራ ይሆናል። ሴራሚክ እንዳታስነጥፊበት አደራ።

መታጠቢያ ቤት ውስጥ የመያዣ ብረት ማስገጠምሽ አይቀርም። ግድግዳሽ ብሎኬት ከሆነ በፊሸር (ቀዳዳ ውስጥ በሚገባው ፕላስቲክ) እና በብሎን ብቻ እንዳይገጥሙልሽ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፣ ሰው ሙሉ ክብደቱን ሲጥልበት ተነቅሎ ይመጣል። ግድግዳውን በስቶ ከማዶ በላሜራ የሚታሰር ረጅም ብሎን ይሁን። ሲያልቅ አንቺ ራስሽ ተንጠልጥለሽ ሞክሪው።

ባለ ፔንሲዮኗ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አሁን ለካሁ። የውጭው በር 92፣ የክፍሎቹ 83፣ የመታጠቢያ ቤቱ ግን 66 ብቻ ነው! ደፍም አለው፣ በሩም ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ምን ይሻላል?

በዊልቸር ተጓዥ (ሸዋ ሮቢት)

ከሦስቱ በአንዱ ክፍል ብቻ ግድግዳውን አስፈልጪና በሩን አስፊው። ለሌላው እንግዳ ዊልቸሩ ስንት እንደሚሰፋ ጠይቂ፣ ምናልባት ጠባብ ይሆናል። አዲሱ በር ወደ ውጭ ይከፈት። ሰው ውስጥ ቢወድቅ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ሰውየው ላይ ይዘጋል፣ ለመርዳትም አይቻልም። ደፉን አስነስተሽ ውሃው ወደ ማፍሰሻው እንዲሄድ ወለሉን ትንሽ ታዘነብዪዋለሽ። ሻወር ውስጥ እግሩ የማይከፈት ጠንካራ የፕላስቲክ ወንበር አስቀምጪ፣ የእጅ ሻወሩም ተቀምጦ የሚደረስበት ይሁን።

አንድ ነገር አደራ። የደብረ ብርሃንን ብርድ አስበሽ ደግ ለመሆን ብለሽ ማሞቂያ ወይም የፈላ ውሃ የሞላ ላስቲክ እግር ሥር እንዳታደርጊ። የጀርባ አጥንት ጉዳት ያለብን ብዙዎቻችን እግራችን ሙቀት አይሰማውም፣ ቆዳችን ሲቃጠል አናውቀውም። የሻወሩም ውሃ እንደዚሁ ነው፤ ሙቀቱን ቀድመሽ አስተካክዪው። ከሰል ደግሞ ክፍል ውስጥ ጨርሶ አይገባም፣ ጭስ ባይታይም የሚወጣው ጋዝ ማንንም ይገድላል። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ስጪ፣ ይበቃል።

ባትሪ ያለው ዊልቸር ሌሊቱን ክፍል ውስጥ ቻርጅ ይደረግ። በረንዳ ላይ አይደር፣ በብርድ ባትሪው አቅም ያጣል፣ በማግስቱ ቶሎ ያልቃል። አልጋው አጠገብ ሶኬት ይኑር። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ማታ ራት ላይ እያሉ ይሰካ።

ማየት የተሳነው መምህር (ደብረ ሲና)

እኔ ስለ ራሴ ወገን ልናገር። አዎ፣ በአማርኛ ይሠራል። አንድሮይድ ስልክ ላይ ቶክባክ የሚባል ስክሪን አንባቢ ከስልኩ ጋር ይመጣል። ኢስፒክ የሚባለውን ነፃ የንባብ ድምፅ ሲጭኑበት አማርኛ ያነባል። ድምፁ የማሽን ነው፣ ግን እንለምደዋለን። መምህሩ ይህን ሳያውቁት አይቀሩም፣ ስለዚህ አንቺ የምታዘጋጂው ስልክ ሳይሆን ጽሑፍ ነው። የምግብ ዝርዝሩን ከነዋጋው በቴሌግራም በጽሑፍ ላኪላቸው። ፎቶ አንስተሽ ከላክሽው ለስክሪን አንባቢው ባዶ ነገር ነው። የዋይፋይ የይለፍ ቃሉንም እንደዚሁ በጽሑፍ። ቢ ማይ አይስ የሚባል መተግበሪያም አለ፤ ካሜራውን ስታዞሪ የሚያይ በጎ ፈቃደኛ በቪዲዮ ያየውን ይነግርሻል። ያለ ኢንተርኔት ግን አይሠራም፣ ስለዚህ ዋይፋይሽ ክፍሉ ድረስ ይድረስ።

ሲደርሱ ክፍሉን አንድ ጊዜ በደንብ አስጎብኚያቸው። ክንዳቸውን ይዘሽ አትጎትቺ፣ ክርንሽን ስጪያቸውና ራሳቸው ይያዙሽ። ከበሩ ጀምሮ አልጋው፣ ማብሪያው፣ ሶኬቱ፣ ሳሙናው የት እንዳለ እጃቸው ይንካው። የሙቅ ውሃው መክፈቻ የትኛው እንደሆነ ንገሪያቸው። ከዚያ በኋላ አጽጂዋ ወንበር እንኳ ቦታ እንዳትቀይር። ቁልፉ ላይ ክር ቋጥሪበት፣ በራቸው እጀታ ላይም ጨርቅ እሰሪ፣ ሳይጠይቁ ክፍላቸውን ያውቁታል። ምግብ ስታቀርቢ ዝም ብለሽ አስቀምጠሽ አትሂጂ፣ «ሻዩ በቀኝዎ ነው» በያቸው።

መስማት የተሳናት እህት ያለችኝ (አዲስ አበባ)

ላይቭ ትራንስክራይብ የሚባለው የጉግል መተግበሪያ የሚናገሩትን አማርኛ ወዲያው ወደ ጽሑፍ ይቀይራል። እንግዳ መቀበያ ላይ ጥሩ ነው። ቲቪና ሙዚቃ ባለበት ግን ይሳሳታል፣ ስታናግሪያት ቲቪውን ቀንሺው። ደግሞም ሁሉም መስማት የተሳነው ሰው አማርኛ ማንበብ ይመቸዋል ማለት አይደለም፣ የብዙዎቹ ቋንቋ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ነው። ከቡድኑ ጋር አስተርጓሚ ካለ ጠይቂ፣ ከሌለ በቪዲዮ ጥሪ የሚያስተረጉም ሰው ሊኖራቸው ይችላል።

በር አንኳኩተሽ ዝም ስትል በማስተር ቁልፍ ከፍተሽ እንዳትገቢ። ቴክስት አድርጊላት። ሌሊት እሳት ወይም ሌላ አደጋ ቢነሳ ማን ሄዶ እንደሚቀሰቅሳት ዘበኛውን ጨምሮ ሠራተኞችሽ ቀድመው ይወቁ።

የአስጎብኚ መኪና ሹፌር (ሰሜን ሸዋ)

አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ በእግር ነው የሚወጣው፣ ዊልቸር አይወጣውም። ይህን ቀድመሽ ንገሪያቸው። ሸክም የሚፈልግም የማይፈልግም አለ፣ ምርጫው የራሳቸው ነው። የማይወጡ ከሆነ ገደሉን ከመንገዱ ዳር ማየት ይቻላል፣ ጭጋግ ሳይወርድ በጠዋት ቢነሱ ይሻላል። ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ጣርማ በርም ሌላ አማራጭ ነው፣ መኪና ከሚያልፍበት ዋሻ ወዲህ መኪና ውስጥ ሆነው ቁልቁል ያያሉ።

መኪናው ዋና ነገር ነው። የሚኒባስ ወለል ከፍ ያለ ስለሆነ በ1 ለ 12 ሒሳብ ራምፕ አይሆንለትም፣ ሰው ተደግፎ ነው የሚገባው። እንዴት እንደሚደገፍ ባለቤቱን ጠይቁት፣ ዝም ብላችሁ በብብቱ አታንሱት። በእጅ የሚገፋው ዊልቸር ይታጠፋል። ባትሪ ያለው ግን በጣም ከባድ ነው፣ ፖርቶ መጋላ ላይ አይጫንም፣ ከኋላ ሰፊ ቦታ ያለው መኪና ይያዝ። በሚነሱበት ቀን የመንገዱን ሁኔታ ደውላችሁ አጣሩ።

ሕግ ያጠና (ደብረ ብርሃን)

ለሌሎች ባለ ሆቴሎች ስል ልጨምር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624፣ አንቀጽ 36 ላይ፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለዊልቸር ተጠቃሚ የሚሆን መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው አዝዞ ነበር። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም አንቀጽ 30 ላይ ቱሪዝምን ይጨምራል። አንቺ የምትሠሪው ውለታ ሳይሆን መብታቸው ነው፣ እንግዶችሽን ስታስተናግጂ ይህን ያዢው።

ባለ ፔንሲዮኗ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሲሚንቶው ታዝዟል፣ ግንበኛው ሰኞ በሩን ያሰፋል። ፎቶዎቹንም ላክሁላት። አስተባባሪዋ ስለ መጸዳጃው መቀመጫ ከፍታም ጠየቀችኝ፣ 38 ሆኖ አገኘሁት። ያንሳል?

በዊልቸር ተጓዥ (ሸዋ ሮቢት)

ያንሳል። ወደ 46 አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። መቀመጫው ላይ የሚታሰር ከፍ ማድረጊያ የሕክምና ዕቃ መደብር ጠይቂ፣ ስትገዢ የማይንሸራተትና በብሎን የሚጠብቅ ይሁን። ሥራው ሲያልቅ ጉግል ማፕ ላይ የፔንሲዮንሽን ገጽ ክፈቺና «በዊልቸር የሚገባ መግቢያ» የሚለውን ምልክት አድርጊበት፣ የራምፑንና የመታጠቢያ ቤቱን ፎቶም ጫኚ። እኔም በቅርቡ ደብረ ብርሃን ጉዳይ አለኝ፣ ስመጣ አንቺ ጋ ነው የማርፈው።