የተማሪዎች ፖርታል፦ ዩፖርታል እንትከል ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

ሰርቨር_ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አይሲቲ ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት ሲስተም አድሚን እና አንድ ፕሮግራመር ነን፤ ፕሮግራመሯ እኔ ነኝ። ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ «ተማሪው በአንድ በር ገብቶ ሁሉንም የሚያገኝበት ፖርታል እስከ መስከረም ይድረስ» ተባልን። ለፈቃድ የተያዘ በጀት የለም፤ ስለዚህ ከኦፕን ሶርስ መምረጥ አለብን።

አሁን ያለን ይህ ነው። ሬጅስትራር የራሱ ሲስተም አለው፤ ከ8 ዓመት በፊት በፒኤችፒና በማይኤስኪውኤል ተሠርቶ የሠራው ሰው ከሄደ ቆይቷል። ለትምህርት ሙድል አለን። ቤተ መጻሕፍቱ ኮሃ ይጠቀማል፤ የመመረቂያ ጽሑፎች ዲስፔስ ላይ ናቸው። የዶርም ምደባ በኤክሴል ተሠርቶ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ተማሪው ለየአንዳንዱ የተለየ ፓስወርድ ይይዛል፣ ይረሳዋል፣ ከዚያ ሰኞ ጠዋት ቢሯችን በር ላይ ይሰለፋል።

ባለፈው ሴሚስተር አንዲት ልጅ የሬጅስትራሩ ፓስወርድ ጠፍቶባት ሦስት ቀን ስትመላለስ አድ ኤንድ ድሮፕ (ኮርስ የመጨመሪያና የመቀነሻ ጊዜ) አለፈባት። ኮርሱ ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። እያለቀሰች ስትወጣ ያየሁት ከዓይኔ አልጠፋም። ይህን ሥራ በደንብ መሥራት የምፈልገውም ለዚህ ነው።

ለፖርታል መሥሪያ ከሚሆኑት ዩፖርታልን፣ ላይፍሬይንና ድሩፓልን አይቻለሁ። ዩፖርታልን ላፕቶፔ ላይ በቶምካት (በጃቫ ሰርቨር) አስነስቼዋለሁ፤ ሠርቷል። ግን ጃቫን ለመጨረሻ ጊዜ የነካሁት ተማሪ ሳለሁ ነው። በሦስት ሰው ይዞ መዝለቅ ይቻላል? በሥራ ያየው ሰው ቢመክረኝ ደስ ይለኛል።

ሀበሻ_ሚድዌስት፦

እህቴ፣ የልጅቷ ነገር እኔንም ነክቶኛል። እዚህ አሜሪካ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የፖርታል ቡድን ውስጥ 7 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሥራችን በሙሉ ዩፖርታል ላይ ነበር። መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ለመስከረም ዩፖርታል አትትከዪ። መጀመሪያ ካስን፣ ማለትም ለሁሉም ሲስተም አንድ መግቢያ የሚሆነውን ሶፍትዌር ትከዪ።

ዩፖርታል ጥሩ ሥራ ነው፤ ስሙን ላጠፋ አይደለም። ጃሲግ በሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች ኅብረት ውስጥ በ2000 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተጀመረ ነው፤ የሜሎን ፋውንዴሽንም ገንዘብ ረድቶታል። ጃሲግ በ2012 ከሳካይ ፋውንዴሽን ጋር ተዋህዶ አፔሪዮ ሆነ፤ አሁን ዩፖርታልንም ካስንም የያዘው እሱ ነው። ጥበቡ ያለው ገጹን ከቁርጥራጭ መገንባቱ ላይ ነው። ለሁሉም የሚታይ ቁራጭ አለ፣ ለ1ኛ ዓመት ተማሪ የሚታይ አለ፣ ለመምህር የሚታይ አለ። ሰውየው ሲገባ ሲስተሙ «ይህ ማን ነው? የየትኛው ቡድን ነው?» ብሎ ይጠይቅና የሚገባውን አሰባስቦ ያቀርብለታል።

ችግሩ ያለው ይሄው ጥያቄ ላይ ነው። ልጁ የስንተኛ ዓመት እንደሆነ፣ የየትኛው ዲፓርትመንት እንደሆነ፣ ዘንድሮ ተመዝግቦ እንደሆነ የሚመልስ አንድ የታመነ ቦታ ከሌለሽ ዩፖርታል ለሁሉም አንድ ዓይነት ገጽ ያሳያል። ያንን ደግሞ አንድ ተራ ኤችቲኤምኤል ገጽ ያደርገዋል። እኛ ቡድን ውስጥ አምስት ነበርን፤ ከአምስቱ ሁለቱ ሥራቸው ዳታ ማጥራት ብቻ ነበር። ፖርትሌት (እነዚህን የገጽ ቁርጥራጮች) የሚጽፍ ወጣት ማግኘትም እዚህ አገር እንኳ ከብዶናል፤ የፖርትሌት ስታንዳርዱ የመጀመሪያው በ2003 ሁለተኛው በ2008 የወጣ ነው፣ ዛሬ የሚማሩ ልጆች አያውቁትም። አንቺ ሥራ ብትቀይሪ ማን ይረከበዋል?

ካስ ግን የልጅቷን ችግር በቀጥታ ይነካል። ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተወልዶ በ2004 ጃሲግ ውስጥ የገባ ነው። ተማሪው ፓስወርዱን የሚጽፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሙድል ሲከፍት ካስ ትንሽ ቲኬት ሰጥቶ ይልከዋል፣ ሙድል ቲኬቱን ከካስ ጋር ያረጋግጣል፣ ፓስወርዱን ፈጽሞ አያየውም። ሙድልም ኮሃም ካስን ያውቃሉ። ዲስፔስን በሌላ ፕሮቶኮል ታገናኚዋለሽ፤ የካስ ሰርቨር ሳምልና ኦፕን አይዲ ኮኔክት የሚባሉትን ሌሎች የመግቢያ ፕሮቶኮሎችም ይችላል። የሬጅስትራሩ ፒኤችፒ ላይ የካስ ክላየንት ላይብረሪ መጨመር ለአንቺ የሳምንት ሥራ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ቲኬቱ በተለመደው ቅንብር የሚቆየው 10 ሰከንድ ብቻ ነው። እዚህ ማንም አያስተውለውም። ኔትወርክ ሲጨናነቅ ግን የተማሪው ስልክ ከካስ ወደ ሙድል እስኪሻገር 10 ሰከንድ ያልፍና «ቲኬቱ አይሠራም» ብሎ ይመልሰዋል። የምዝገባ ቀን ይህ ከደረሰ ሰው ሁሉ ፓስወርዱ የተበላሸ ይመስለዋል። ከመጀመሪያው ከፍ አድርጊው፤ እኔ ብሆን 30 አደርገው ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የስም ጉዳይ ነው። ኤልዳፕ (የተጠቃሚዎች ማውጫ) ውስጥ ሰው ስትመዘግቢ የቤተሰብ ስም ግዴታ ነው፤ ባዶ አይቀበልም። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። የምሠራበት ቦታ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ሲመጡ የአያታቸው ስም እዚያ ይገባና ገጹ በአያታቸው ስም ሰላም ይላቸው ነበር። አንድ ልጅ «አያቴ ከሞተ 20 ዓመቱ ነው፣ በየቀኑ በእሱ ስም ትጠሩኛላችሁ» ብሎኛል። ግዴታው ቦታ ላይ የአባትን ስም አስገቢ፤ ለሰው የሚታየው ግን ሙሉ ስሙ የተጻፈበት የማሳያ ስም ብቻ ይሁን። ለፍለጋ ደግሞ ሌላ ዓምድ ጨምሪ፤ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ የተቀየሩበት። አለበለዚያ «ፀሐይ» ብላ የተመዘገበችውን «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልጋት ጸሐፊ የለችም ይላታል።

ዩፖርታልን ወደፊት ከሞከርሽው አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ዳታ ኢኒት» የሚለው ትእዛዝ ሰንጠረዦቹን ጥሎ እንደ አዲስ ይፈጥራቸዋል። አንድ ባልደረባዬ በሙከራ ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት ዋናው ላይ ሰጠው። ሌሊቱን በሙሉ ከባክአፕ ስንመልስ አደርን። የሁለቱ ሰርቨሮች የይለፍ ቃል አንድ እንዳይሆን።

ኩበርኔቲስ_ፒያሳ፦

ወንድሜ ያለው ትክክል ነው፤ ካስን በኪክሎክ፣ ያንኑ ሥራ በሚሠራ ሌላ ሶፍትዌር፣ ብትተኪው ግን ይቀልሻል ባይ ነኝ። የጀመረው ሬድ ሃት ነው፤ ሁሉንም ከብራውዘር ታቀናብሪዋለሽ። ካስ ላይ አዲስ ሞጁል በጨመርሽ ቁጥር እንደገና መገንባት አለ፤ ጃቫ ለራቀው ሰው ያደክማል። ሙድልና አዲሶቹ የዲስፔስ ስሪቶች ኦፕን አይዲ ኮኔክት ይቀበላሉ። ኮሃችሁ የቆየ ስሪት ከሆነ ግን መጀመሪያ ማሻሻል ያስፈልጋል።

4ኛ_ዓመት_ሲቪል፦

እኔ ተማሪ ነኝ፤ ስለ ሰርቨር አላውቅም። ግን ፖርታል ስትሠሩ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጻፉልን። 2ኛ ዓመት ሳለሁ ሲስተሙ ላይ የፈተና ሰዓት «8፡00» ይል ነበር። ከሰዓት 8 ሰዓት መስሎኝ 7፡30 ላይ ስደርስ ፈተናው ጠዋት 2 ሰዓት ተጀምሮ አልቋል። ሜክአፕ ለማግኘት ስንት ቢሮ ዞርኩ! ከእኔ ጋር ሌሎች ሁለት ልጆችም ነበሩ። «ጠዋት 2 ሰዓት» ተብሎ በፊደል ቢጻፍ ምን ነበረበት?

ሌላው፣ ላፕቶፕ ያለን ጥቂት ነን። ዶርም ውስጥ ሁሉም በስልክ ነው፣ ፓኬጅ ገዝተን። የግሬድ ገጹ ላይ የግቢው ትልልቅ ፎቶዎች ስለሚለዋወጡ ግሬዴን ለማየት ብቻ ብዙ ሜጋባይት ይበላብኛል። ስለዚህ አንዱ ገብቶ በስክሪንሾት ቴሌግራም ላይ ይለቅልናል፤ የሁላችን ግሬድ ሰው ሁሉ ያየዋል።

ሰርቨር_ክፍል፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። 4ኛ ዓመት፣ ያልከውን ለቡድኑ አነበብኩላቸው፤ ፎቶዎቹ የእኛም ገጽ ላይ አሉ፣ ዛሬውኑ አወረድናቸው።

ሀበሻ ሚድዌስት፣ ሁለት ጥያቄ አለኝ። ካስ ወይም ኪክሎክ ከቆመ በኋላ «ፖርታሉ የታለ?» ስባል ምን አሳያለሁ? ሁለተኛው፣ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዳታቤዙ ውስጥ እናስቀምጠው ወይስ ስናሳይ እንቀይረው?

ሀበሻ_ሚድዌስት፦

ኪክሎክ የሚቀልሽ ከሆነ ኪክሎክ ይሁን፤ ለእኔ ዋናው አንድ መግቢያ መኖሩ ነው።

ለአለቆችሽ አንድ ቀላል ገጽ ሥሪላቸው፣ በምታውቂው ፒኤችፒ። ተማሪው ከገባ በኋላ አራት ነገር ይይ፦ ግሬዱን፣ የፈተና ቀንና ክፍሉን፣ የዶርም ቁጥሩን፣ ከቤተ መጻሕፍት ያልመለሰውን መጽሐፍ። የመጨረሻው ክሊራንስ ላይ ስንቱን ከመንገላታት ያድነዋል። ከታች ወደ ሙድልና ወደ ዲስፔስ የሚወስድ ሊንክ። ይህ ገጽ የሬጅስትራሩን ዳታቤዝ ያንብብ እንጂ አይጻፍበት። በየሌሊቱ ግልባጭ ወስደሽ ከግልባጩ አሳዪ፤ የምዝገባ ሰሞን ግን ግልባጩን በየሰዓቱ አድሺው። ግሬድ ላይ ስህተት ቢነሳ ጥፋቱ ከማን እንደሆነ ጥያቄ አይኖርም።

ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጪ፤ ስታሳዪ ብቻ ቀይሪ። ሙድልም ኮሃም ውስጣቸው በኢትዮጵያ አቆጣጠር አያስቀምጡም፤ ዳታቤዙን ከቀየርሽው ጳጉሜ ላይ ሁሉም ይፋረስብሻል። መቀየሪያ አትጻፊ፣ ተጽፏል፤ አይሲዩ የሚባለው ላይብረሪ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል፣ የብራውዘሮቹ ጃቫስክሪፕትም ያውቃል። ሰዓቱን ግን አይቀይሩልሽም፤ 6 ሰዓት ቀንሶ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ብሎ መጻፉ የአንቺ ሥራ ነው።

ዳታውን ከመውሰድሽ በፊት ግን የሬጅስትራሩ ሰንጠረዥ በምን ካራክተር ሴት (የፊደላት ስብስብ) እንደተሠራ እዪ። 8 ዓመት የሞላው ማይኤስኪውኤል የአማርኛ ፊደል የማይይዘው ላቲን1 ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ የአማርኛ ስሞቹ የጥያቄ ምልክት ሆነው ተቀምጠው ይሆናል፣ ያ ደግሞ አይመለስም። ከሆነም አትደንግጪ፤ የወረቀቱ መዝገብ ካለ ከዚያ ማስገባት ነው።

ሰርቨር_ክፍል፦

አሁን አየሁት። በእንግሊዝኛ ፊደል የገቡት ስሞች ደህና ናቸው፤ የአማርኛው ዓምድ ከ3ኛ ዓመት በላይ ላሉት በሙሉ የጥያቄ ምልክት ነው። ሬጅስትራር የወረቀቱ ፋይል አለኝ ብሏል። ከነገ ጀምሮ ሁለት ተለማማጅ ተማሪዎች ተመድበውልኛል፤ ከተመራቂዎቹ እንጀምራለን፣ ዲግሪያቸው ላይ ስማቸው በትክክል መውጣት ስላለበት።