የዲዛይን መጽሐፍ፦ የትኛው ነው በእውነት የሚጠቅመው?

ማርጅን፦
ሰላም ቤቶች። እኔ ዲዛይን የጀመርኩት ሶፍትዌር በመነካካት ነው፣ ቪዲዮ እያየሁ ማለት ነው፣ ፎቶሾፕም ኢሉስትሬተርም አያስቸግረኝም ግን «ይሄን ለምን እዚህ ጋ አደረግከው» ሲሉኝ መልስ የለኝም። ማንበብ አለብኝ ብዬ ዝርዝር ስፈልግ ግማሹ ስለ ታይፖግራፊ (የፊደልና የጽሑፍ አደራደር) እና ግሪድ (ገጽን የሚከፋፍሉ መስመሮች) ግማሹ ስለ ክሬቲቪቲ ሆነብኝ። የኦስቲን ክሊዮንን «ስቲል ላይክ አን አርቲስት» ቁጭ ብዬ ሳልነሳ ጨረስኩት፣ ደስ ይላል፣ ግን ሲነጋ ምን ልሥራበት? እንዲህ ዓይነቶቹን ልቀጥል ወይስ ቀጥታ ከባዶቹ ውስጥ ልግባ? «ሁሉም ጥሩ ነው» የሚል መልስ አልፈልግም ሃሃ

ፊደል ወዳጅ፦
ከታይፕ ጀምር። የኤለን ላፕተን «ቲንኪንግ ዊዝ ታይፕ» (2004) ለጀማሪ የሚሻል አላየሁም፣ ፊደል ከዛ ጽሑፍ ከዛ ግሪድ እያለ ነው የሚሄደው፣ የተበላሸውንም አስቀምጦ ስለሚያሳይህ ዓይንህ ቶሎ ይገራል። ከዛ በኋላ የሮበርት ብሪንግኸርስት «ዘ ኤለመንትስ ኦፍ ታይፖግራፊክ ስታይል»። ሰውዬው ገጣሚ ነው፣ 1992 ላይ የወጣው መጽሐፉ ሕግ እየደረደረም ቢሆን አይሰለችም። አንድ ነገር ግን ልብ በል፣ መስመር ከ45 እስከ 75 ፊደል ይሁን 66 ደግሞ ሸጋ ነው የሚለው ባዶ ቦታውንም ቆጥሮ ለላቲን ነው። የኛ ፊደል ሰፊ ነው፣ አናባቢውንም እዛው ይዞ ነው የሚመጣው፣ 66 ብትደረድር መስመሩ ይንዘላዘላል ዓይን መመለሻው ይጠፋዋል። ካፒታል ሌተር ላይ የሚያወራውንም እለፈው፣ እኛ ጋ የለም፣ ርዕስ ጎላ እንዲል ከፈለግክ መጠን፣ ውፍረትና ባዶ ቦታ ናቸው መሣሪያዎችህ።

የክሬቲቪቲ መጻሕፍት ላይ ግን ብዙም እምነት የለኝም። አብዛኞቹ አንድ ጥሩ አንቀጽ ተለጥጦ መጽሐፍ የሆነ ነው።

ቀለም በጥባጭ፦
@ፊደል ወዳጅ ግማሹን እስማማለሁ ግን ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ አትውቀጣቸው። የጄምስ ዌብ ያንግ «ኤ ቴክኒክ ፎር ፕሮዲውሲንግ አይዲያስ» 1940 የተጻፈ ነው፣ የማስታወቂያ ሰው ነበር፣ ቀጭን ናት ምንም አልለጠጣትም። አዲስ ሐሳብ ማለት የድሮ ነገሮች አዲስ ቅንጅት ነው ይላል፣ መረጃ ሰብስብ፣ አመንዥከው፣ ከዛ ጭራሽ ተወውና ሌላ ነገር ሥራ፣ ሐሳቡ ራሱ ይመጣል፣ ሲመጣ ደግሞ ቅርጽ አስይዘው። ሰው ሁሉ የሚዘለው መጀመሪያውን ነው፣ ሳይሰበስብ «አይዲያ አልመጣልኝም» ይላል። የትዋይላ ታርፕን «ዘ ክሬቲቭ ሃቢት»ም (2003) እጨምራለሁ፣ ኮሪዮግራፈር (የዳንስ ቅንብር ሠሪ) ናት፣ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት አንድ ካርቶን ታዘጋጅና ያገኘችውን ሁሉ እዛ ውስጥ ትከታለች፣ ይሄኛው ሲነጋ የሚሠራበት ነው።

ለእኔ ግን የሁሉም አለቃ የጆሴፍ አልበርስ «ኢንተራክሽን ኦፍ ከለር» ነው፣ 1963። ተኝተህ ካነበብከው ምንም አይገባህም። ከአንድ ግራጫ ወረቀት ሁለት እኩል ቁራጭ ቁረጥና አንዱን ጥቁር ወረቀት መሀል ሌላውን ነጭ መሀል አስቀምጠው። ጥቁሩ ላይ ያለው ፈካ ይላል፣ ነጩ ላይ ያለው ይጠቁራል፣ አንድ ወረቀት መሆናቸውን ራስህ ቆርጠህ እንኳ አታምንም። ከዛ በኋላ ክላየንት «ይሄ ቀለም ደብዝዟል» ሲል መጀመሪያ የምታየው ቀለሙን ሳይሆን ጎረቤቱን ነው።

ስምንት ሜዳ፦
ሙለር ብሮክማን እንዴት ተረሳ?? «ግሪድ ሲስተምስ» 1981 የወጣ ነው፣ ጀርመንኛና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን። ብዙ ሰው ለመደርደሪያ ጌጥ ነው የሚገዛው፣ ቁም ነገሩ ግን ያለው የግሪዱ ሳጥን ቁመት የሚወጣው ከጽሑፉ የመስመር ክፍተት ነው የሚለው ላይ ነው። ፎቶው ከላይም ከታችም ከመስመሮቹ ጋር ይገጥማል። ገጽን አራት ቦታ ከፍሎ ግሪድ ሠራሁ የሚል ሁሉ ይሄን ቢያነብ ጥሩ ነበር 😅

ግን አምልኮ እንዳይሆንብህ። የታይፖግራፊ ሰው የነበረው ጃን ቺኮልድ 1928 ላይ ገጽ መሀል ለመሀል መደርደር አበቃለት ብሎ የጻፈ ሰው ነው፣ ከ1947 እስከ 1949 ፔንግዊን መጽሐፍ አሳታሚ ሲገባ ግን መሀል ለመሀል የተደረደሩ ሽፋኖች ሠርቷል፣ በጣምም ያምራሉ።

ማርጅን፦
ኧረ አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ላፕተንና አልበርስን አብሬ ልጀምር ነው፣ ያንግን ቀጭን ናት ስላላችሁኝ በመሀል። አልበርስን ስልክ ላይ ባነበው ችግር አለው?

ቀለም በጥባጭ፦
ጽሑፉን አንብበው፣ ለቀለሙ ግን ስልክ አይሆንም፣ ብራይትነስ ራሱ እየተቀያየረ ያታልልሃል። 2013 ላይ ለአይፓድ አፕ ወጥቶለት ነበር ልምምዶቹን እዛው ትሠራለህ። እኔ ግን መቀስና ባለቀለም ወረቀት ነው የምልህ፣ የድሮ መጽሔት ገጽም ይበቃል፣ ደማቅ ቀለም ያለበትን እየመረጥክ።