ቀሚስ ካልለበስሽ ተባልኩ፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ እስቲ አማክሩኝ። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ነው የምሠራው። ፀጉሬን አሳጥሬ፣ ሱሪና ክራቫት አድርጌ ነው የምውለው፤ ቀሚስ ከልጅነቴም አይሆነኝም (እናቴም ለጥምቀት ብቻ ነበር የምታስገድደኝ)። አሁን አዲሷ አለቃ ሴቶች ጉርድ ቀሚስና ሜካፕ፣ ክራቫት ለወንዶች ብቻ አለች። የዲሲ የሰብዓዊ መብት ሕግ በፆታ አገላለጽም (ሰው በመልኩና በአኳኋኑ ሴትነቱን ወይም ወንድነቱን በሚያሳይበት መንገድ) በአለባበስም ማድላትን ይከለክላል። ግን ደግሞ ቀጣሪ በቂ ምክንያት ካለው ለሁሉም እኩል የሚሠራ የአለባበስ ደንብ ማውጣት ይችላል፣ እዚህ ላይ ነው ግራ የገባኝ፤ ለሴት ሌላ ለወንድ ሌላ ከሆነ ምኑ ላይ ነው እኩልነቱ? ለሰው ኃይል ክፍል በጽሑፍ ላመልክት ወይስ መጀመሪያ እሷኑ ላናግራት? አብረውኝ የሚሠሩ አበሾችም አሉ፣ ወሬው ቤት እንዳይደርስ ፈርቻለሁ። የገጠመው ካለ ይንገረኝ፣ ሰኞ መልስ ስጪ ተብያለሁ።