ጉንፋኑ ለቀቀኝ፣ ድካሙ ግን አልለቀቀኝም፤ አድሬናል ይሆን?

የኮዬዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ጥር ላይ ከባድ ጉንፋን ጣለኝ። ትኩሳቱም ሳሉም ለቀቀኝ፣ አቅሜ ግን ሚያዝያ ገብቶም አልተመለሰም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም ያዞረኛል፣ ልቤ ድው ድው ይላል። ቅዳሜ ልብስ ካጠብኩ እሁድን ሙሉ አልጋ ላይ ነኝ። እማዬ «ብርድ ነው» ብላ አጥሚት ትግተኛለች። ጤና ጣቢያ ደም ማነስም ስኳርም የለብሽም ብለውኛል። ቲክቶክ ላይ አንዷ «አድሬናልሽ ደክሟል» ትላለች፣ የምትዘረዝረው ምልክት ቁርጥ የኔ ነው። የምትሸጠው ዱቄት ግን ዋጋው የወር ኪራይ ያህላል። ልግዛው እንዴ?

ሰበታ ነኝ
የኔ እህት፣ ዱቄቱን ተይው። እኔ አድሬናሌ የምር የሞተ ሰውዬ ነኝ። አዲሰን ይባላል በሽታው። አድሬናል ማለት ከኩላሊት አናት ላይ ቁጭ ያሉ ሁለት ትንንሽ እጢዎች ናቸው፣ ኮርቲሶልና አልዶስትሮን የሚባሉ ሆርሞኖችን የሚሠሩ። የኔን የጨረሰው ቲቢ ነው። ቲቢ በበዛበት አገር ከዋና ዋና መንስኤዎቹ አንዱ እሱ ነው።

እንዴት እንደነበርኩ ልንገርሽ። ሱሪዬ ከወገቤ ይወርድ ጀመር። ምግብ ሳይ ያቅለሸልሸኛል፣ ጨው ግን በጣቴ እየጠነቆልኩ እልስ ነበር። ድዴ ጠቆረ። የመዳፌ መስመሮች በእስክሪብቶ የተሰመሩ መሰሉ። ጎረቤት «ፀሐይ ነው» አለ፤ ድድ ፀሐይ ያገኘዋል እንዴ? በኋላ በደም ምርመራ ሶዲየሜ ወርዶ ፖታሲየሜ ወጥቶ ተገኘ፣ ኮርቲሶሉም ከምንም አይቆጠርም ነበር። አሁን በየቀኑ ኮርቲሶልን የሚተካ ኪኒን፣ ፕሬድኒሶሎን እውጣለሁ። ትኩሳት ሲይዘኝ መጠኑን እጥፍ አደርጋለሁ፤ ካስመለሰኝ ቀጥታ ሆስፒታል ነው።

«የደከመ አድሬናል» የሚሉትን ግን ሐኪሞች እንደ በሽታ አይቀበሉትም። ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጣፋጭ ማማር፤ እንዲህ ከተዘረዘረማ የማይገባበት ሰው ማን አለ?

ጀሪካን ተሸካሚው
ኮዬ 4ኛ ፎቅ ውኃ የሚያወጣ ሰው ያለ ቫይረስም ይደክመዋል። ሃሃሃ። ይማርሽ ብቻ።

ነርስ ከለገጣፎ
ጋሼ ልክ ናቸው። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳታፍሪ። ፊት የሚያቀላ ክሬም ትቀቢያለሽ? ወይስ ለመወፈር ብለሽ ዴክሳሜታሶን የሚባለውን የስቴሮይድ ኪኒን ትወስጃለሽ? ኪኒኑ ኮርቲሶልን ተክቶ ስለሚሠራ፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ እጢው ሥራ ይፈታል። ድንገት ሲቆም ደግሞ ሰው ይወድቃል። አንዳንድ ክሬሞች ውስጥም ጠንካራ ስቴሮይድ አለ። ስንቷን ቆንጆ አይቻለሁ መሰለሽ!

ከሌለ ይሄን ሞክሪ። ጋደም ብለሽ ትንሽ ቆይተሽ ግፊትና የልብ ምት ተለኪ። ከዚያ ቆመሽ እስከ 10 ደቂቃ ደጋግመሽ ተለኪ። የላይኛው ግፊት በመጀመሪያዎቹ 3 ደቂቃዎች በ20 ከወረደ ሲቆሙ ግፊት የመውረድ ችግር ነው። ግፊቱ ሳይወርድ የልብ ምቱ በ30 ወይም ከዚያ በላይ ጨምሮ ከቀጠለ ሌላ ነገር ነው።

የኮዬዋ
ክሬምም የመወፈሪያ ኪኒንም አልወስድም። ለሳሉ ብቻ ፕሬድኒሶሎን ለጥቂት ቀን ታዞልኝ ነበር። ክብደቴ እንዳለ ነው፣ ድዴም አልጠቆረም። ፋርማሲ ሄጄ ተለካሁ። ግፊቱ ብዙም አልተለወጠ። ምቱ ግን ጋደም ብዬ 78 የነበረው ስቆም 114 ገባ፣ እስከ መጨረሻው አልወረደም።

ነርስ ከለገጣፎ
የጥቂት ቀን ፕሬድኒሶሎን ብዙውን ጊዜ እጢውን አያስተኛም። ያንቺ ነገር ወደ አድሬናል አይመስለኝም፣ ወደ ፖትስ ይመስላል። የልብ ምትን የሚቆጣጠረው የነርቭ ሥርዓት ሲዛባ የሚመጣ ነው፣ አንዳንዴም ከቫይረስ በኋላ ይጀምራል። ለመወሰን ግን ሐኪም ይይሽ። ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፈሽ የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ የታይሮይድና የጠዋት ኮርቲሶል ምርመራም ጠይቂው። እስከዚያ ውኃ ጠጪ። ልብሱን በአንድ ቀን አትጠቢ፣ ከፋፍለሽ እጠቢ፣ ቁጭ ብለሽ። ስለ ጨው ሐኪሙ ይንገርሽ፣ ደም ግፊት ላለበት አይሆንም።

የኮዬዋ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ኮርቲሶሉ የግድ በጠዋት ነው?

ሰበታ ነኝ
አዎ፣ ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ነው፣ ያኔ ነው ከፍ የሚለው። ከሰዓት ከሰጠሽ ዝቅ ብሎ ያስደነግጥሻል። ከኮዬ ከሆነ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሰልፉ ጋ ድረሺ፣ በርጩማ ይዘሽ።