የቀሩኝን ሦስት ኮርሶች በአነስተኛ ወጪ ጨርሼ ለመመረቅ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ የዓባይ ማዶ ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ሲሆን፣ የምሠራው ጣና ዳር ካሉት ሎጆች በአንዱ በገንዘብ ተቀባይነት ነው። በ2010 ዓ.ም. በአንድ የግል ኮሌጅ በማታው መርሐ ግብር አካውንቲንግ መማር ጀምሬ፣ በ2014 ዓ.ም. ልጄን ስወልድ ሦስት ኮርስ ሲቀረኝ አቋረጥሁ። የቀሩኝ ኦዲቲንግ ሁለት፣ ኦፕሬሽንስ ሪሰርችና አንድ የስታቲስቲክስ ኮርስ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ባለ ሦስት ክሬዲት በመሆናቸው በድምሩ ዘጠኝ ክሬዲት ይሆናሉ።

ባለፈው ወር ልመዘገብ ስሄድ የክሬዲት ክፍያው በጣም ጨምሮ ቆየኝ፤ ዛሬ የአንዱ ኮርስ ክፍያ ብቻ ከወር ደመወዜ ከግማሽ በላይ ይወስዳል። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ ሥርዓተ ትምህርቱ ስለተቀየረ ከሦስቱ ኮርሶች ሁለቱ በቀድሞው ስማቸው እንደማይሰጡና፣ በአዲሱ ልቀጥል ካልሁ ተጨማሪ ሰባት ኮርስ መውሰድ እንደሚኖርብኝ በመስኮት በኩል የምታስተናግደው ሠራተኛ ነገረችኝ። ይህን የነገረችኝ በቃል ብቻ ነው፤ በጽሑፍ የሰጠችኝ ነገር የለም።

ግሬድ ሪፖርቶቼንና የከፈልሁባቸውን ደረሰኞች በሙሉ በአንድ ፌስታል አስቀምጫቸዋለሁ። ያን ዕለት ማታ ልጄ ከተኛ በኋላ አልጋው ላይ ዘርግቼ ስመለከታቸው፣ የአንዳንዱ ደረሰኝ ካርቦን ከመደብዘዙ የተነሣ ቁጥሩ በጭንቅ ነው የሚነበበው። ይህን ሁሉ ከፍዬ፣ ይህን ሁሉ ማታ አምሽቼ፣ በዘጠኝ ክሬዲት ምክንያት ያለ ዲግሪ መቅረት በጣም ያሳዝነኛል። የቀሩኝን ኮርሶች በሌላ ተቋም፣ በክረምት፣ በርቀት ወይም በኢንተርኔት ወስጄ ወደ ኮሌጄ ማዛወር የምችልበት ርካሽ መንገድ ካለ፣ በዚህ ያለፋችሁ እንድትመክሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

መልስ፦ ጡረተኛ መምህር፣ ሽምብጥ

ልጄ፣ በመምህርነትም በትምህርት ክፍል ኃላፊነትም ብዙ ዘመን ስላሳለፍሁ፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዘው የሚመጡ ተማሪዎችን ደጋግሜ አስተናግጃለሁ። ርካሽ ኮርስ ከመፈለግሽ በፊት በትክክል ምን እንደቀረሽ እወቂ።

ስቱደንት ኮፒሽን አውጪና ከገባሽበት ዘመን ሥርዓተ ትምህርት ጋር ኮርስ በኮርስ አመሳክሪ። ሬጅስትራሩ ይሠራልኛል ብለሽ አትተዪው፤ ራስሽ እርሳስ ይዘሽ፣ የኮርሱን መለያ ቁጥር ጭምር እያየሽ ሥሪው። «ቀርቶሻል» የተባለ ኮርስ በእርግጥ ተወስዶ፣ መምህሩ ውጤቱን ስላላስገባ ብቻ «ኤንጂ» ተብሎ ተመዝግቦ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አንዲት ተማሪዬ ኮርሱን ለመድገም ከፍላ ከተመዘገበች በኋላ፣ በሌላ ክፍል ፋይል መካከል ተቀላቅሎ የቆየው የመምህሩ የውጤት ቅጽ ተገኘና ቢ ማግኘቷ ታወቀ፤ የከፈለችው ገንዘብ ግን አልተመለሰላትም።

ሰባት ኮርስ የሚለው ከየት እንደመጣ ልንገርሽ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪ መርሐ ግብር ከሦስት ዓመት ወደ አራት ዓመት ከፍ ሲል፣ በመጀመሪያው ዓመት የሚሰጡ የጋራ ኮርሶች ተጨምረዋል። የተነገረሽ እነዚህን የሚመለከት ይመስለኛል። አንቺ የገባሽው ግን በ2010 ዓ.ም. ነው። ተማሪ በገባበት ሥርዓተ ትምህርት ጨርሶ እንዲወጣ፣ የማይሰጥ ኮርስ ሲያጋጥመውም በአዲሱ ውስጥ ካለው ተመሳሳይ ይዘት ያለው ኮርስ ጋር አቻ ተደርጎ እንዲያዝለት ማድረግ የተለመደ አሠራር ነው። ኦዲቲንግ ስሙ ወይም መለያ ቁጥሩ ቢቀየርም ኦዲቲንግ ነው። ስለዚህ ከመስኮቷ ሠራተኛ ጋር አትከራከሪ፤ አቻውን የመወሰን ሥልጣን የእርሷ አይደለም። ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ማመልከቻ ጽፈሽ በመዝገብ ቤት በኩል አስገቢ፤ በእጅሽ በሚቀረው ቅጂ ላይም የገባበትን ቀንና ማኅተም አስደርጊበት። በዚያው ማመልከቻ የዳግም ቅበላ ጥያቄሽንም ጨምሪ፣ ምክንያቱም አንድ ተማሪ በመርሐ ግብሩ ሊቆይ የሚችልበት የዓመት ገደብ በተቋሙ መመሪያ ስለሚወሰን፣ አሁን የሚባክን ጊዜ ኋላ ከገንዘቡ ይልቅ ሊጎዳሽ ይችላል።

መልስ፦ ከመራዊ

መምህሩ የጻፉት ትክክል ነው፤ እኔም የደረሰብኝን ልጨምርልሽ፣ እህቴ። ሁለት ኮርስ ሲቀረኝ፣ ክፍያው ስለሚቀንስልኝ በሌላ ተቋም በክረምት ለመውሰድ ወሰንሁ። ስህተቴ ለኮሌጄ ሳላሳውቅ መመዝገቤ ነው። ክረምቱን ሙሉ ከመራዊ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል እየተመላለስሁ ተምሬ፣ ሁለቱንም በጥሩ ውጤት ካለፍሁ በኋላ ውጤቴን ይዤ ስሄድ «አስቀድመህ ያስፈቀድህበት ደብዳቤ የት አለ?» ተባልሁ። የኮርሱን አውትላይን፣ ማለትም የይዘት ዝርዝሩን፣ አምጣ ተባልሁ፤ አመጣሁ። ያስተማረኝ ተቋም የሚቆጥረው ኢሲቲኤስ በሚባለው የአውሮፓውያን የክሬዲት አቆጣጠር፣ የእኔ ኮሌጅ የሚቆጥረው በክሬዲት አወር ስለነበረ ደግሞ ሌላ ክርክር ተነሣ። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በአገራችን ብዙውን ጊዜ 5 ኢሲቲኤስ ተብሎ ይጻፋል፤ ይህን የሚያስረዳ ደብዳቤ ከትምህርት ክፍሉ እስካገኝ ድረስ ግን አንድ ሙሉ ሴሚስተር አለፈብኝ። በመጨረሻ አንዱ ኮርስ ተቀባይነት አገኘ፣ ሌላውን ግን እንደገና ከፍዬ ደገምሁት። ስለዚህ ሌላ ቦታ የምትወስጂ ከሆነ፣ ኮሌጅሽ «ይህን ኮርስ እዚያ ወስዳ ብታልፍ እንቀበላለን» ብሎ በደብዳቤ ሳያረጋግጥልሽ አንድ ብር እንዳትከፍዪ አደራ እልሻለሁ።

ወጪውን ስታሰዪም የክሬዲቱን ዋጋ ብቻ አትመልከቺ። የመመዝገቢያ፣ በማኅተም የተረጋገጠ አውትላይን የማውጫ፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት የማስላኪያና የባጃጅ ወጪ ሲደመር ልዩነቱ ከጠበቅሁት በላይ ጠቦ ነው ያገኘሁት። መጽሐፍ ግን አትግዢ። ከእኔ በፊት ከተማሩት ሃንዳውት ተቀብዬ፣ የጎደለኝን ፔዳ በር አካባቢ ፎቶ ኮፒ አስነሥቼ ጨርሻለሁ።

የደገምሁትን ኮርስ ያስከፈትሁት ተማሪ አሰባስቤ ነው። ኮሌጁ «ለአንድ ሰው ክፍል አንከፍትም» ሲለኝ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ኮርሱ የቀረበት ሰው እንዲደውልልኝ ጽፌ ለጠፍሁ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ደወለልኝ። የሁላችንንም ስምና ፊርማ ይዘን ስንሄድ ቅዳሜና እሑድ እንዲሰጥ ተፈቀደልን፤ እኔም ከሥራ ሳልቀር ጨረስሁ። አንቺም ሠራተኛ ስለሆንሽ ይህ የሚሻልሽ ይመስለኛል።

ርቀትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ ሳይሆን ለትምህርት መስኩ፣ ለካምፓሱና ለአሰጣጡ ተለይቶ ነው፤ በማታ አካውንቲንግ ዕውቅና ያለው ኮሌጅ በርቀትም አለው ማለት አይደለም። የዕውቅናውን ሰነድ በዓይንሽ ሳታዪና ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሳታጣሪ አትመዝገቢ።

መልስ፦ ጣና ክፍለ ከተማ

ስለ ኢንተርኔቱ ልመልስልሽ፤ ብዙ ሰው የሚያነበው የአሜሪካኖቹን አሠራር ስለሆነ ይሳሳትበታል። እህቴ እዚያ ስትማር «ክሌፕ» የሚባለውን፣ ኮሌጅ ቦርድ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት የሚሰጠውን ፈተና ተፈትና ከአንድ ኮርስ ድናለች። ፈተናው 90 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ሲሆን፣ ከ20 እስከ 80 ባለው መለኪያ 50 ያመጣ ሰው ኮሌጁ የሚቀበል ከሆነ ኮርሱን ሳይማር ክሬዲቱ ይያዝለታል። ሞደርን ስቴትስ የተባለው ድርጅት ደግሞ መዘጋጃ ትምህርቱን በነፃ ይሰጣል፤ ትምህርቱን ለጨረሰም የፈተናውን ክፍያ ይሸፍናል። እዚያ የሚሠራው የአገሪቱ ኮሌጆች ስለተቀበሉት ነው። አንቺን የሚያስመርቅሽ ኮሌጅ ካልተቀበለው ግን ለዲግሪሽ አይቆጠርልሽም። ነፃ ትምህርቶቹን ለመውጫ ፈተና መዘጋጃ አድርጊያቸው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከመንግሥትም ከግልም ተቋም የሚመረቅ ሁሉ ያን ፈተና ተፈትኖ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ስላለበት፣ በ2010 ዓ.ም. የጀመርሽ ብትሆኚም አይቀርልሽም።

ጠያቂ፦ የዓባይ ማዶ ነዋሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መምህር፣ እንዳሉት እርሳስ ይዤ ሳመሳክር የስታቲስቲክሱ ኮርስ በ2013 ዓ.ም. ሁለተኛ ሴሚስተር ግሬድ ሪፖርቴ ላይ «ኤንጂ» ተብሎ ተመዝግቧል። የመጨረሻ ፈተናውን መፈተኔን በደንብ አስታውሳለሁ፤ ነፍሰ ጡር ስለነበርሁ ፈታኙ በር አጠገብ አስቀምጦኝ ነበር። የከፈልሁበት ደረሰኝም በእጄ አለ። መምህሩ ግን ኮሌጁን ለቆ ሄዷል። አሁን ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጡረተኛ መምህር፣ ሽምብጥ

እንግዲህ የቀረሽ ስድስት ክሬዲት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ማመልከቻውን ለብቻው ጻፊው፣ ከአቻ ኮርሱ ጥያቄ ጋር አትቀላቅዪው። የኮርሱን መለያ ቁጥር፣ ሴሚስተሩን፣ የክፍልሽን ሴክሽንና የመምህሩን ስም ጥቀሺ፤ የግሬድ ሪፖርቱንና የደረሰኙን ቅጂ አያይዢ። የደረሰኙ ካርቦን ይበልጥ ሳይደበዝዝ ዛሬውኑ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። የለቀቀ መምህር የውጤት ቅጽ አንድ ቅጂ በትምህርት ክፍሉ መቅረት ስላለበት፣ የሴክሽኑ ቅጽ እንዲፈለግ በስም ጠይቂ። አብረውሽ ከተፈተኑት መካከል ውጤት የተመዘገበለት አንድ ሰው ካገኘሽ የእርሱንም ግሬድ ሪፖርት ቅጂ ጨምሪ፤ ቅጹ ሬጅስትራር ዘንድ ደርሶ እንደነበረ ያስረዳልሻል። መልሱ እስኪሰጥሽ ድረስ ለስታቲስቲክሱ አትመዝገቢ፤ ሌሎቹን ሁለቱን ብቻ ጀምሪ።